የሻወር ማሞቂያው አርጅቷል፤ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ባለ 50 ሊትር ማሞቂያችሁ ማሞቅ ሲተው፣ ወይም ከሥሩ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣ ለማንም ከመደወላችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። የዚህ ዕቃ ዕድሜ የሚለካው በጋኑ ነው። ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት፣ ጎማው፣ ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭ፣ ሁሉም ይገዛሉ፣ ይቀየራሉ። ውሃውን የያዘው የብረት ጋን ከበሳ ግን አለቀ።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እዩ። ብሬከሩን አጥፉ፣ በዚህ ቀልድ የለም። የታችኛውን ክዳን ፍቱ፣ ሁሉንም በጨርቅ አድርቁና ባትሪ እያበራችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ከቧንቧው መጋጠሚያ ከሆነ ቴፍሎን ይበቃዋል። ሬዚስታንሱ ከታሰረበት ክብ ብረት ዙሪያ ከሆነ ጎማው ደርቋል፣ እሱም ቀላል ነው።

ከሴፍቲ ቫልቩ አፍ ከሆነስ? ምናልባት ምንም አልተበላሸም። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ሦስት ሩብ ሊትር ገደማ ይጨምራል፣ ያ ትርፍ የሚወጣው በዚያ ቫልቭ ነው። ሲሞቅ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ቀጭን ቱቦ ቀጥሉለትና ተዉት። ቀኑን ሙሉ የሚፈስ ከሆነ ቫልቩን ቀይሩት። አንዳንድ ሰው ወለሉ እየረጠበ ሲያስቸግረው "ድፈንልኝ" ይላል፣ የሚደፍንለትም አያጣም። እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ሻይ እንኳ ሳትጋብዙ ሸኙት። ቫልቩ የተደፈነ ማሞቂያ ቴርሞስታቱ የተበላሸ ዕለት ቦንብ ነው።

ውሃው በሽፋኑና ሙቀት እንዳይወጣ በሚይዘው ፎም መሀል ሾልኮ የሚወርድ ከሆነ፣ በተለይ የዝገት ቀለም ካለው፣ ጋኑ በስቷል ማለት ነው። ያኔ "እበይደዋለሁ" የሚል ይመጣል። የብዙዎቹ ጋን ውስጡ በኢናሜል የተለበጠ ነው፣ እንደ ድሮዎቹ ነጫጭ ሳህኖች። የብየዳው እሳት ልባጡን ያረግፈዋል፣ ብዙ ሳይቆይ ከጎኑ ይበሳል። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል እንጂ በብየዳ ይድናል ያለ የለም።

የማያፈስ ግን የማያሞቅ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠገን ነው። መጀመሪያ ግን መብራቱን ጠርጥሩ። 1500 ዋት ማሞቂያ 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ሰፈራችሁ ማታ ማታ ኃይሉ ከ220 ወደ 180 ቮልት የሚወርድ ከሆነ ማሞቂያው 1000 ዋት ገደማ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ጎረቤቴ በዚህ ሰበብ ደህና ማሞቂያውን በርካሽ ሸጦ አዲስ ገዛ። አዲሱም ማታ ማታ ለብ ያለ ውሃ ነው የሚሰጠው።

መብራቱ ደህና ከሆነ ቴስተር ያለው ሰው ጥሩ። ብሬከሩ እንደጠፋ ገመዶቹን ነቅሎ የሬዚስታንሱን ሁለት ጫፍ ይለካ። የ1500 ዋቱ ወደ 32 ኦም ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል። ከአንዱ ጫፍ ወደ ብረቱ አካል የሚያነብ ነገር ካለ ደግሞ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው እያፈሰሰ ነው፣ "ሻወሩ ትንሽ ይነዝራል" የሚባለው እሱ ነው። "ትንሽ" የሚባል ንዝረት የለም። እስኪቀየር ማንም አይታጠብበት፣ የቤቱን ኧርዝም፣ ወደ መሬት የሚወርደውን መስመር፣ አስፈትሹ።

እኛ አገር ሬዚስታንስ የሚያቃጥለው አንዱ ትልቅ ነገር የውሃ ፈረቃ ነው። ውሃ ሲጠፋ፣ መመለሻውን የሚከለክለው ቫልቭ ከደከመ የጋኑ ውሃ ወደ ኋላ ይመለስና ጋኑ ባዶውን ይቀራል፣ ሬዚስታንሱም በደረቁ ይግላል። ውሃ በጠፋ ቁጥር ብሬከሩን አጥፉ። ሲመለስ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ ሳያቋርጥ መፍሰሱን ሳታዩ አታብሩ።

ሬዚስታንሱ የሚቀየር ከሆነ ጋኑን ለማየት ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም። የኔን በዘጠነኛ ዓመቱ ስናስከፍት መጀመሪያ የወጣው ግማሽ ጆግ የሚሆን የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ነገር ነበር። ሬዚስታንሱ ነጭ ካባ ደርቧል። ከአጠገቡ የሚቆመው የማግኒዚየም ዘንግ፣ አኖድ የሚሉት፣ አውራ ጣት ያክል መሆን ሲገባው የጃንጥላ ሽቦ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ዘንግ የሚገባው ጋኑን ተክቶ እንዲበላ ነው። እሱ ካለቀ ዝገቱ ወደ ጋኑ ይዞራል። በየሁለት ዓመቱ ቢታይ ጥሩ ነው፣ የድሬዳዋን የመሰለ ጨዋማ ውሃ ያለበት ሰው ደግሞ ከዚያም ቶሎ። በክፍተቱ ባትሪ አብርተን ስናይ ጋኑ ጥቂት ነጠብጣብ እንጂ ቅርፊት የሚያነሳ ዝገት አልነበረበትም። ሬዚስታንስ፣ አኖድና ጎማ አስቀየርኩ፣ እስካሁን እየሠራ ነው። ዝገቱ በጥፍር ሲነካ የሚረግፍ ቢሆን ኖሮ አንድ ብር አላወጣበትም ነበር።

መክፈት ካልፈለጋችሁ ነጭ ባልዲ አምጡ። ቀዝቃዛውን ቅዱ፣ ቀጥሎ ሙቁን። ሁለቱም ቡናማ ከሆኑ ጥፋቱ የመስመሩ ወይም የሮቶው ነው፣ ከፈረቃ በኋላ የተለመደ ነው። ሙቁ ብቻ ቡናማ ከሆነ፣ ለብዙ ቀንም ከቀጠለ፣ የአዲስ መግዣ ማጠራቀም ጀምሩ።

ገንዘቡን በተመለከተ የኔ ሚዛን ይህ ነው። ከስምንት ዓመት በታች ሆኖ ጋኑ ደህና ከሆነ ይጠገን። አሥር ዓመት ካለፈውና ጥገናው የአዲሱን ግማሽ የሚጠጋ ከሆነ አልነካውም። በመሀል ያለውን አኖዱ ይወስናል። የአዲሱን ዋጋ ግን በትዝታ አታስሉ፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያኔ የገዛችሁበት ዋጋ ተረት ነው። መርካቶ ወርዳችሁ ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ፣ መለዋወጫውንም አብራችሁ። "አዲሱ መብራት ይቆጥባል" ለሚላችሁ ነጋዴ ፈገግ በሉለት። ሬዚስታንስ የበላውን ኤሌክትሪክ ያው ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው፣ ልዩነቱ ፎሙ ላይ ነው። የአሮጌው ሽፋን በእጅ ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ ብቻ ነጋዴው ትንሽ እውነት አለው።

ከቀየራችሁ ሴፍቲ ቫልቩንም አዲስ አድርጉ፣ የድሮውን አታዙሩ። ባለ 50 ሊትሩ ውሃ ሲሞላ ከ60 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ክፍት ብሎኬት ላይ በተራ ፊሸር አይሰቀልም። የኤሌክትሪክ ገመዱ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን፣ ለብቻው ብሬከር ይኑረው። ከልብስ ማጠቢያው ጋር በአንድ ማከፋፈያ የሰካ ሰው አይቻለሁ፣ ማከፋፈያው ቀልጦ ነበር።

አሮጌውን ሠራተኛው "ልጣልላችሁ" ይላል። ቴርሞስታቱን ንቀሉና ቀሪውን ለቆራሌው አቆዩት፣ በኪሎ ነው የሚገዛው።