ጂፕሶፊላ አላብብ ሲል፣ ሲበሰብስና ሲወድቅ፦ ችግሩና መፍትሄው

በዕቅፍ አበባ ውስጥ ጽጌረዳውን ከብቦ የሚታየው ደቃቅ ነጭ አበባ፣ ጂፕሶፊላ፣ በአገራችን ለውጭ ገበያ ከሚመረቱት አበቦች አንዱ በመሆኑ፣ እርሻ ላይ አይቶት በግቢው ለመትከል የሚነሳሳው ሰው ጥቂት አይደለም። ተክሉ ሲያስቸግር ብዙዎች ቶሎ የሚያደርጉት ውሃና ማዳበሪያ መጨመር ነው፤ ይህን ተክል አብዝተው የሚጎዱት ግን እነዚሁ ሁለቱ ስለሆኑ፣ ምንም ነገር ከመጨመር በፊት ምልክቱን አስተውሎ ማየት ይቀድማል።

ቅጠሉ ለምለም ነው፣ አበባ ግን የለም

ተክሉ ቅጠሉን በክብ ደርድሮ መሬት ላይ እንደተነጠፈ ለወራት ይቆያል፤ ዘንግ አያወጣም። ምክንያቱ በአብዛኛው የብርሃን ሰዓት ማነስ ነው። በእርሻዎች የሚለማውና ለዓመታት የሚቆየው ዓይነት ዘሩ ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ ሜዳዎች የመጣ ሲሆን፣ እዚያ በሰኔ የቀኑ ብርሃን ከ15 ሰዓት ያልፋል፤ ተክሉም የሚያብበው ሌሊቱ ሲያጥርለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን የዓመቱ ረጅሙ ቀን እንኳ ከ12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ አይበልጥም። የደጋው የሌሊት ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ተክሉ ጭራሽ ማደጉን ያቆማል። እርሻዎች ሌሊት መብራት የሚያበሩት ለዚህ ነው።

በግቢም ይህንኑ ማድረግ ይቻላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ቢጫ ብርሃን ያለው አምፖል ከተክሉ በላይ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ማብራት ረጅሙን ጨለማ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሶኬቱ ግን ዝናብ የማያገኘው መሆን አለበት። መብራቱ የሚጀመረው አናቱ ተቀጥፎ የጎን ቅርንጫፎች ከወጡ በኋላ ሲሆን፣ እምቡጥ እስኪታይ ድረስ ይቀጥላል። ገና ለጋ በሆነ ችግኝ ላይ ቢበራ ፋይዳ የለውም። ለጥቂት አበባ ሲባል ይህን ሁሉ መድከም ለማይፈልግ ሰው፣ በእኔ ግምት ለአብዛኛው ባለ ግቢ፣ የሚሻለው ዘሩ በየወቅቱ የሚዘራውን የአንድ ወቅት ዓይነት መምረጥ ነው። ይህኛው ስለ ቀን ርዝመት ያን ያህል አይጨነቅም፤ በተዘራ በሁለት ወር ገደማ ያብባል። የአበባው ዕድሜ አጭር ስለሆነ ግን በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ መዝራት ያስፈልጋል።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠወልጋል

ይህ በክረምት፣ በተለይም ውሃ በሚቋጥረው ጥቁር ዋልካ ላይ የሚታይ ነው። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ጠዋት ሳይቀር ይተኛል፤ ውሃ ጠምቶት ነው ተብሎ ሲጠጣ ይብስበታል። ለማረጋገጥ አንዱን መንቀል ይበቃል፦ አንገቱ፣ ማለትም ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ሥሩ በጣት ሲሳብ ልጡ ተንሸራቶ ከወጣና ቀጭን ክር ብቻ ከቀረ፣ ሥር አበስባሽ በሽታ ገብቶበታል። እንዲህ የሆነው ተክል አይድንም፤ ተነቅሎ መወገድ አለበት፣ ቦታውም ላይ ሌላ ጂፕሶፊላ አይተከልም። ለቀሪዎቹ መፍትሄው መደቡን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ፣ ሻካራ አሸዋ ወይም ደቃቅ ገረጋንቲ መቀላቀል፣ አንገቱንም አፈር እንዳይውጠው አድርጎ መትከል ነው። በበጋም ቢሆን የላይኛው አፈር ሳይደርቅ ውሃ አይጠጣም። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ የሚሄድ ስለሆነ፣ አድጎ ሳለ ቦታ መቀየር ሌላ ችግር ይጠራል።

ቀጭጮና ቢጫ ሆኖ ይቀራል

ጂፕሶፊላ ኖራማ አፈር ይወዳል፤ የብዙው ደጋ ቀይ አፈር ግን አሲዳማ ነው። ከመትከል ሳምንታት አስቀድሞ የእርሻ ኖራ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ያስተካክለዋል። መጠኑን በግምት ከማድረግ ይልቅ አፈሩን ማስመርመር ይመረጣል፤ ለአነስተኛ መደብ ግን ጥቂት የእንጨት አመድም ይረዳል።

ዘንጉ ይወድቃል

ጥላ፣ ዩሪያ ወይም ትኩስ ፍግ የበዛበት ተክል ዘንጉ ረዝሞ ይልፈሰፈሳል። ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይፈልጋል። ቁመቱ ከስንዝር ሳያልፍ ዙሪያውን እንጨት ተክሎ በሲባጎ ማገር ማበጀት ከወደቀ በኋላ ከማቃናት በእጅጉ ይሻላል፤ ጨርሶ የወደቀ ዘንግ አናቱ ወደ ላይ ስለሚቀለበስ ለዕቅፍ አይሆንም።

ቅጠሉ ላይ ነጭ ጠመዝማዛ መስመር ወይም ብናኝ

መስመሩ በቅጠሉ ውስጥ እየበላ የሚሄድ ትል ሥራ ነው፤ የተጠቃውን ቅጠል ቶሎ ለቅሞ ማቃጠል ለትንሽ መደብ ይበቃል። ደረቅ ወራት ላይ ቅጠሉ አቧራ የነካው መስሎ ሲደበዝዝ ጀርባውን ገልብጦ ማየት ይገባል፤ ቀጭን ድር ካለበት ቀይ ሸረሪት ነው፤ በጠዋት ጀርባውን በውሃ ማጠብ ይቀንሰዋል።

ቤት ከገባ በኋላ አበባው ይጠወልጋል

በዘንጉ ላይ ካሉት አበቦች ግማሽ ያህሉ ሲፈኩ መቁረጥ ጥሩ ነው፤ ገና እምቡጥ ሳለ የተቆረጠ በማስቀመጫ ውስጥ ሳይፈካ ይቀራል። የበሰለ ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ የሚለቁት ኤትሊን የተባለ ጋዝ ጂፕሶፊላን በፍጥነት ስለሚያጠወልግ፣ ማስቀመጫው ፍራፍሬ ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ መራቅ አለበት።