የሳይንስ መጽሐፍ ከቡፌ ሲወርድ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ቤታችን ሳይታሰብ የብሎኩ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል። ልጆች ይመጣሉ፣ ይዋሳሉ፣ አንዳንዱም ይመልሳል። ወላጆች ደግሞ ደረጃ ላይ አስቁመው "ለልጄ ምን ዓይነት የሳይንስ መጽሐፍ ልግዛለት?" ይሉኛል። ምን እንደማይደረግ መናገር ይቀለኛል። አብዛኛውን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁና።

የመጀመሪያው "ሲያድግ ይደርስበታል" ብሎ መግዛት ነው። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ስለ ጊዜና ስለ ጥቁር ጉድጓዶች የሚያወራ ባለ 400 ገጽ መጽሐፍ ገዛሁላት። ሽፋኑ ሲያምር! ቡፌ ውስጥ ከሰርጋችን ብርጭቆዎች አጠገብ ገባ፣ መስታወቱም ተዘጋበት። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ መጽሐፉ እዚያው ነው። ስትገዙ መሀሉን ግለጡና አንዱን ገጽ ልጁን አስነብቡት። በየመስመሩ ከተደናቀፈ ተዉት። ከገዛችሁት ደግሞ እጁ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጡለት። ወጥ ይንጠባጠብበት ይሆናል፤ ይንጠባጠብበት።

ሁለተኛው የታተመበትን ዓመት አለማየት ነው። አሮጌ መጽሐፍ ዋጋው ደህና ነው፣ እኔም የአሮጌ ተራ ደንበኛ ነኝ። ግን ሳይንስ እንደ ልቦለድ አይደለም፣ ያረጃል። ፕሉቶን ዘጠነኛ ፕላኔት የሚል መጽሐፍ ካያችሁ ምናልባት ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ነው፤ ፕሉቶ ከፕላኔቶች ዝርዝር የወጣው ያኔ ነው። በእኛ ነሐሴ 1998 መሆኑ ነው፤ ሁለቱን አቆጣጠር ማምታታትም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው።

የሰው ዘር ታሪክ ላይ ይብሳል፣ ያውም የገዛ አገራችን ጉዳይ ሆኖ። አሮጌዎቹ መጻሕፍት በ1974 (ይህም ሆነ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ ላይ ይቆማሉ። 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሆናት አርዲ የለችበትም፤ ዝርዝሯ የወጣው በ2009 ነው። በ2000 ዲኪካ ላይ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘችው ሕፃኗ ሰላምም የለችም። ከኦሞ ኪቢሽ የተገኘውን ሰው እንኳ ውሰዱ። ለዓመታት 195 ሺህ ዓመት ይባል ነበር፤ በ2022 የወጣ ጥናት ቢያንስ ወደ 230 ሺህ ገፋው። ታዲያ አሮጌውን አትጣሉት፤ ለልጁ እርሳስ ስጡትና ራሱ ያርመው። የእኔዋ ፕሉቶ ጎን "ተሽሯል" ብላ ጽፋለች።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። "አንብበህ ጨረስክ? እስቲ ምዕራፍ ሁለት ምን ይላል?" አትበሉ። ፈተና ትምህርት ቤት ይበቃዋል። "የቱ ገረመህ?" ብትሉት ግን ሳትለምኑት ሲያወራ ያመሻል።

አራተኛው ቃል በቃል መተርጎም ነው። በእንግሊዝኛ አንብቦ በአማርኛ ማውራት ጥሩ ልማድ ነው፣ እኛም ቤት እንደዚያ ነው። ግን "ሰመር" ላይ ስትደርሱ ተጠንቀቁ። "በጋ" ብላችሁ ከተረጎማችሁት፣ ልጁ ሐምሌ ላይ ጃንጥላ ይዞ መጽሐፉን ይታዘባል። "ክረምት" ካላችሁት ደግሞ ፈረንጆቹ በክረምት ባሕር ዳርቻ ምን ይሠራሉ ይላል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን ታደላለች። እነሱን ታሞቃቸዋለች፤ እኛ ጋ ደግሞ የዝናቡ ቀበቶ ተከትሏት ይመጣል። "እነሱ ሲሞቃቸው እኛን ይዘንብብናል" ማለት ከማንኛውም ትርጉም ይሻላል።

የመጨረሻው መጽሐፉ የተጻፈበትንና እኛ ያለንበትን ቦታ አለማገናዘብ ነው። እኔ በጣም የምወደውም ይኼንን ስህተት ነው።

"ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል" ይላል መጽሐፉ። የታችኛው ፎቅ ልጅ አነበበና "እንሞክረው" አለ። ኬሚስትሪ የሚያስተምር ጎረቤታችን ቴርሞሜትር አመጣ። ድስት ጣድን። ውሃው ሲንተከተክ ቴርሞሜትሩ 93 አካባቢ ደርሶ ቀጥ አለ።

"ጋሼ፣ ተበላሽቷል መሰለኝ።"

አልተበላሸም። 100 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ውሃው ላይ የሚጫነው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ቶሎ ይፈላል። 3,200 ሜትር ገደማ ያለው እንጦጦ አናት ላይ ብንጥደው 90ም አይሞላ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና "ባቄላው ለምን እንደሚያስቸግረኝ አሁን ገባችሁ?" አለች። ልክ ናት። ውሃው ቶሎ ይፍላ እንጂ ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ባቄላው ይዘገያል። ፕሬዠር ኩከር ግፊቱን መልሶ ይጨምርለታል።

ፀሐይም እንዲሁ ናት። ከአውሮፓ የሚመጡ መጻሕፍት "እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ ትታያለች" ይላሉ። ከብሎኩ ጀርባ አንድ ሜትር ዱላ ተከልንና ቀኑን ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይ ከፍ ስትል፣ ጥላውን ለካን። በታኅሣሥ 60 ሴንቲሜትር ያለፈ ጥላ ወደ ሰሜን ጣለ። መጽሐፉ ልክ ነው። በሰኔ ግን ደመናው ለአፍታ ሲገለጥ ጥላው 25 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ዞሮ አገኘነው። ፀሐይ በሰሜን በኩል አልፋለች ማለት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ልክ አናታችን ላይ ትቆምና ጥላው ይጠፋል። አንዱ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ነው።

ያንን ለማየት ልጆቹ ቀን ሲቆጥሩ ከረሙ። ቀኑ ደርሶ ሜትራችንን ይዘን ስንወጣ፣ ዱላችን ላይ የፋሲካ በግ ታስሮበታል።