ሽጉጡ እምቢ ሲላችሁ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሌሊት ሱቅ ነው የምሠራው። በዚህ ሥራ ላይ ሽጉጥ የገዙ የአገሬ ልጆች ሞልተዋል። ተኩስ መለማመጃ ሄደው ወረቀቱን በደንብ ይበሱታል። «ቢከሽፍስ?» ስትሏቸው ግን ሽጉጡን አገላብጠው ማየት ይጀምራሉ። ያኔ አፈሙዙ ወደ ጎረቤት ይዞራል።

ሽጉጥ ሲከሽፍ ወደሚያስፈልገው ልምምድ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ አይፈቀድለትም። ግሪን ካርድ ያለው ግን ይችላል። የየስቴቱ ሕግ ደግሞ ለብቻው ነው።

ልምምዱ ቤት ውስጥ፣ በባዶ ሽጉጥ ይጀመራል። ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ግዙ፤ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ቀለም ያለው ከሆነ ከእውነተኛው ጋር አይምታታም። እውነተኛው ጥይት ሌላ ክፍል ይቀመጥ። መጀመሪያ ካዝናውን፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበትን ሳጥን አውጡ፣ ከዚያ ስላይዱን፣ ማለትም ከላይ ያለውን ተንሸራታች ክፍል ጎትታችሁ በርሜሉን በዓይንም በጣትም ፈትሹ። አፈሙዙን ጥይት ሊያቆም ወደሚችል ነገር አዙሩ። የአፓርታማ ግድግዳ 9 ሚሊሜትር አያቆምም።

ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው ቃታ ስባችሁ «ጠቅ» ብቻ ሲል ነው። ወይ ካዝናው በደንብ አልገባም፣ ወይ ጥይቱ ከሽፏል። ጣታችሁን ከቃታው አውጡ። የካዝናውን ቂጥ በመዳፍ ጠበቅ አድርጋችሁ ምቱ። ስላይዱን እስከ መጨረሻው ጎትታችሁ ልቀቁት፤ በእጅ እያጀባችሁ አትመልሱት፣ ስፕሪንጉ ሥራውን ይሥራ። ከዚያ ቀና ብላችሁ እዩ። አደጋው አሁንም አለ ወይ? ሰውየው ሮጦ ከሆነ የሚተኮስበት ምክንያት የለም።

ባዶ ቀለህ ስላይዱ መሃል ተቀርቅሮ ሲቆምም መፍትሔው ያው ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አያያዝ ነው፤ የእጅ አንጓ ከላላ ስላይዱ ኃይል አጥቶ መንገድ ላይ ይቀራል።

አስቸጋሪው ሁለት ጥይት በአንድ ጊዜ ሲጨናነቅ ነው። በር ላይ «እኔ ልቅደም» እንደሚባባሉ ሰዎች አንዱ ውስጥ አለ፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል። እዚህ መምታት ነገሩን ያብሰዋል። ስላይዱን ወደ ኋላ ስባችሁ ቆልፉት። ካዝናውን መንጭቃችሁ አውጡ፤ ቶሎ እሺ አይልም። ስላይዱን ሦስት ጊዜ ሳቡና ልቀቁ። ሌላ ካዝና አስገብታችሁ አቀባብሉ። ለመለማመድ ስላይዱን ቆልፋችሁ አንድ የልምምድ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ጣሉ፤ ሌሎች የልምምድ ጥይቶች ያሉበትን ካዝና አስገቡና ስላይዱን ቀስ አድርጋችሁ መልሱ። ጭንቅንቁ ይፈጠራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እጅ እንዲህ ከለመደ በኋላ ጆሮም መልመድ አለበት። ተኩሳችሁ ድምፁ ከወትሮው ደከም ካለ፣ «ፑፍ» ብሎ ሽጉጡ እጃችሁ ላይ እምብዛም ካልዘለለ፣ ቁሙ! አታቀባብሉ። እርሳሱ፣ ማለትም ተተኩሶ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ፣ በርሜሉ ውስጥ ተወትፎ ሊሆን ይችላል። ቀጣዩ ጥይት ከኋላው ከመጣ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ጥይቱን ሁሉ አውጥታችሁ ለባለሙያ አሳዩ።

ተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ ደግሞ «ጠቅ» ሲል ወዲያው አለማቀባበል ነው የሚመከረው። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጋችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ ባሩዱ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ይችላል። ፈጣኑን ማቀባበል በእውነተኛ ጥይት መሃል መለማመድ ከፈለጋችሁ የቦታውን ተቆጣጣሪ አስፈቅዱ፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ አድርጉ። ከዚያ ጓደኛችሁ ካዝናውን ይሙላላችሁ፤ እውነተኛውን ከልምምዱ ቀላቅሎ፣ ቅደም ተከተሉን ሳይነግራችሁ። የልምምዱ ጥይት ተራ ሲደርስ ሌላም ጉድ ይወጣል። ተኩስ በሌለበት አፈሙዙ ወደ ታች ዝቅ ይላል። ፍንዳታውን ቀድማችሁ እየፈራችሁት ነው ማለት ነው። ወረቀቱን ዝቅ ብሎ የሚመታው አብዛኛው ሰው ችግሩ ይኼ ነው፣ ሽጉጡን ግን ይወቅሳል።

የካዝናዎቻችሁን ቂጥ በማርከር 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ቁጠሩ። ጣጣው ሁልጊዜ 2 ቁጥር ላይ ከሆነ የሱን ስፕሪንግ ቀይሩ፤ እምቢ ካለ ጣሉት።