የባጃጅ ፍሬን ሲሰምጥ፣ ሲጎትት፣ አልለቅ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

አቦ ድሬ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ፍሬኑ ትንሽ ዝቅ ካለበት ምን እንደሚያረግ ይታወቃል፣ መለዋወጫ ሱቅ ጎራ ብሎ ትንሿን የፍሬን ዘይት ይገዛል፣ ይሞላል፣ ስራውን ይቀጥላል። ከዛ ደሞ ብዙም ሳይቆይ እንደገና ይሞላል። የፍሬን ዘይት እኮ እንደ ሞተር ዘይት ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ዝግ መስመር ውስጥ ነው ያለው። ከቀነሰ ወይ ሸራው፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር ፈትጎ የሚያቆመው፣ እየሳሳ ሄዶ ነው (ይሄ ቀስ እያለ በወራት ነው የሚታየው) ወይ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ስለዚ ጠርሙሱን ከመክፈትህ በፊት ፔዳሉ ምን እያለህ እንደሆነ በእግርህ ስማው።

ስረግጠው እንደ ስፖንጅ ይላል፣ ደጋግሜ ስረግጠው ግን ከፍ ይላል

ሞተር አጥፍተህ ቆመህ ሞክረው። ሁለት ሶስቴ ስትረግጠው ከፍ ካለና ጠንካራ ከሆነ አየር ላይሆን ይችላል፣ ሸራው ከታምቡሩ ርቆ ነው፣ ፍሬኑን ማስጠበቅ ወይ ሸራ መቀየር ነው መፍትሄው። ከፍ ብሎም ከእግርህ ስር የሚለጠጥ ከሆነ ግን መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ይጨመቃል፣ ጉልበትህ ጎማው ጋ ከመድረሱ በፊት አየሩን ሲጨምቅ ያልቃል ማለት ነው። አየሩ የገባው ዘይቱ ጎድሎ ባዶ ሲስብ፣ ወይ የሆነ ነገር ተፈቶ ሲታሰር ነው። ማንም ምንም ሳይነካው በራሱ አየር ከገባበት ደሞ የሚያፈስ ቦታ ፈልግ።

ረግጬ ስይዘው ቀስ እያለ ይሰምጣል

ይሄኛው ነው የሚያስፈራው፣ ምክንያቱም ሲነዱ ብዙም አይታወቅም፣ ቀይ መብራት ላይ ረግጠህ ስትቆም ነው ፔዳሉ ወደታች የሚሄደው። መጀመሪያ ሶስቱንም ጎማ ከውስጥ በኩል እይ፣ ታምቡሩን የሚሸፍነው ቆርቆሮ ላይ እርጥብ አቧራ ተጣብቆ ካየህ ጎማው ጋ ያለው፣ በዘይቱ ግፊት ሸራውን የሚገፋው ሲሊንደር ጎሚኒው (ዘይት እንዳያመልጥ የሚዘጋው ላስቲክ) ሄዷል። የድሬ አቧራ እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ የፈሰሰበትን ቦታ ጥቁር አርጎ ያሳይሃል። ታምቡሩን ካወለቅክ በኋላ ሲሊንደሩ ጫፍ ላይ ያለችውን የጎማ ኮፍያ በትንሽ ካቻቢቴ ገለጥ አርጋት፣ ከስሯ ዘይት ጠብ ካለ አገኘኸው። ሶስቱም ጎማ ደረቅ ሆኖ፣ ቱቦዎቹም ደረቅ ሆነው፣ ዘይቱም ሳይቀንስ ፔዳሉ ከሰመጠ ችግሩ ዋናው ፖምፓ (ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ውስጥ ነው፣ የውስጡ ጎሚኒ ተበልቶ ዘይቱ ከፊት ወደኋላ እያመለጠ ነው። አየር ብታስወጣ ቀኑን ሙሉ አይስተካከልም። ጎሚኒ ይቀየራል፣ የፖምፓው ውስጥ ከተጫረ ደሞ ፖምፓው ራሱ።

ጠዋት ጥሩ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ግን ይጠፋል፣ ሲበርድ ይመለሳል

ሰው ሁሉ የድሬ ሙቀት ነው ይላል። አይደለም። ሰኔ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ቢጠጋ እንኳ አዲስ ዶት 3 ዘይት (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ ዶት 4 ደሞ ከ230። ነገሩ ምንድነው ይሄ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ከ100 እጅ 3.7 ያህል ውሃ ሲገባበት ዶት 3 ወደ 140፣ ዶት 4 ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። አሁን ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት ድሬ ወደ 1,200፣ በመሃል ካለችው ደንገጎ ጀምሮ ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ ፍሬን እየረገጥክ ስትወርድ ጎማው ጋ ያለው ሙቀት የትየለሌ ነው፣ ያረጀው ዘይት ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሐረር ውስጥም ቢሆን ሰው ጭኖ ቁልቁለት የሚመላለስ ባጃጅ ይሄ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ለይ፦ ፔዳሉ ከሰመጠ ዘይቱ ነው የፈላው፣ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ባጃጁ ካልቆመ ግን ሸራው ነው የጋለው፣ ቆመህ አብርደው። ለሁለቱም መድሃኒቱ በማርሽ መውረድ ነው፣ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) የሚለቀውን ሰው ግን ምን እንደምለው አላውቅም። ከጠፋብህ ደጋግመህ ርገጥ፣ ማርሽ ቀንስ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልክ ሳብ፣ እሱ በሽቦ ስለሆነ የሚሰራው ዘይቱ ቢፈላም ቢፈስም ይይዛል።

ፍሬኑ አልለቅ ይላል፣ ጎማው ይግላል

መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ መለቀቁን እይ (ሳቅ አትበል፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው)። ቀጥሎ ፔዳሉ ገና ሲነካ ትንሽ ባዶ መንገድ አለው ወይ? ከሌለው የፖምፓው የዘይት መመለሻ ቀዳዳ እንደተዘጋ ነው የሚቆየው፣ ግፊቱ አይለቅም። ከዛ የያዘውን ጎማ አንሳና የአየር ማውጫዋን ቡሎን ፈታ አርጋት፣ ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከዞረ ግፊቱ መስመር ውስጥ ታፍኗል፣ ችግሩ ወደ ፖምፓው ወይ ወደ ቱቦው ነው። ከፈታሃት በኋላም ካልዞረ እዛው ጎማው ጋ ነው፣ የዛገ ሲሊንደር ወይ የላላ የሸራ መመለሻ ሞላ። ከሞከርክ በኋላ ዘይቱን ሙላና አየር አስወጣ።

ሌላው ምክንያት የሞተር ዘይት ወይ የመሪ ዘይት መሙላት ነው። ዘይት ዘይት ነው ብሎ የሞላ ሰው ጎሚኒዎቹ ሁሉ አብጠው ሶስቱም ጎማ ይያዝበታል፣ በማጠብ አይድንም፣ መስመሩ ታጥቦ ጎሚኒ በሙሉ ይቀየራል።

ወደ አንድ ጎን ይጎትታል

ኋላ ካሉት አንዱ ሸራ ዘይት ነክቶታል ወይ አንዱ ሲሊንደር ደርቆ ቆሟል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን አጥቦ መመለስ አይሰራም፣ ሲግል እንደገና ያወጣዋል። ሸራ በሁለቱም የኋላ ጎማ አንድ ላይ ቀይር።

አየር ማስወጣትና ዘይት መቀየር

ዘይቱን በሁለት አመት አንዴ መቀየር የተለመደ ነው፣ ፈዛዛ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ጥቁር ቡኒ ከሆነ ግን ሁለት አመት አትጠብቅ። የዘይት ዕቃው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዶት ግዛ። ዶት 3 እና ዶት 4 ቢቀላቀሉ ችግር የለም፣ ዶት 5 የሚባለው ግን ሲልኮን ነው፣ ከነዚህ ጋር አይገባም (5.1 ሌላ ነው፣ እሱ ይገባል)። ያልተከፈተ ጠርሙስ ግዛ፣ ሌላ ሰው ተጠቅሞ የተረፈውን ርካሽ ነው ብለህ አትውሰድ፣ እርጥበቱን አብረህ ነው የምትገዛው።

ግንበኞች የውሃ ልክ የሚያዩበት ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ አለ አይደል፣ ቀጭኑን፣ የአየር ማውጫዋን ቡሎን ጥብቅ አርጎ የሚይዘውን ፈልግ። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ትንሽ አዲስ ዘይት ጨምርና የቱቦውን ጫፍ ዘይቱ ውስጥ ንከር። የሚረግጥልህ አንድ ሰው ያስፈልግሃል። ከፔዳሉ ስር ደሞ ቁራጭ እንጨት አስቀምጥ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያረገውም፦ ያረጀ ፖምፓ የታችኛው ክፍል ሁሌ ስለማይነካ ዝገትና ቆሻሻ ይይዛል፣ ፔዳሉን እስከ ወለል ስታስረግጠው ጎሚኒው እዛ ላይ ይቀደዳል፣ አየር ላስወጣ ብለህ ፖምፓ ትገዛለህ።

ከፖምፓው በጣም ከሚርቀው የኋላ ጎማ ጀምር፣ ሌላው የኋላ፣ ከዛ የፊቱ። ቡሎኗን በፒንሳ አትንካት፣ በዙሪያው በሚይዝ ቁልፍ ነው የምትፈታት፣ ከደረቀች ዝገት ማላቀቂያ ነፍተህ አሳድራት፣ ከተሰበረች ሲሊንደሩን ነው የምትቀይረው። ረዳትህ ቀስ ብሎ ሶስት አራቴ ይርገጥና "ይዣለሁ" ይበል፣ አንተ ሩብ ዙር ትከፍታለህ፣ ፔዳሉ ይወርዳል፣ ትዘጋለህ፣ "ልቀቅ" ትለዋለህ። ከመዝጋትህ በፊት ከለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው። ቱቦው ውስጥ ኩፍ ኩፍ የሚለው ቆሞ ንጹህ አዲስ ቀለም እስኪመጣ ትደጋግማለህ፣ በየመሃሉ የላይኛውን የዘይት ዕቃ እያየህ ሙላ፣ እሱ ባዶ ከሆነ ከዜሮ ጀመርክ ማለት ነው። የወጣውን ዘይት መልሰህ አትጠቀምበት። ቀለም ላይ ከተንጠባጠበ ወዲያው ብዙ ውሃ ድፋበት፣ ቀለም ይልጣል።



ስትጨርስ ተሳፋሪ ሳትጭን፣ ባዶ ቦታ ላይ፣ ቀስ ባለ ፍጥነት ሞክረው፣ እጅህ የእጅ ፍሬኑ ላይ ይሁን። በነጋታው ጠዋት ከመውጣትህ በፊት ሶስቱንም ቡሎኖች በጣትህ ንካ፣ አንዷ እርጥብ ከሆነች ትንሽ አጥብቃት፣ ከጠበቀች በኋላም ካረጠበች መቀመጫዋ ተበልቷል፣ ቀይራት።