ውሃ ውሃ የሚለው የተርኪ ቺሊ እንዴት ተስተካከለ

ቺሊ በተፈጨ ሥጋ፣ በቲማቲምና በቦሎቄ የሚሠራ ወጥ ነው፤ የእኔው ደግሞ በተርኪ፣ ማለትም ዶሮ በሚመስለው ትልቅ ወፍ ሥጋ ነው። ችግሩ ይሄ ነበር፦ መረቁ ይቀጥናል፣ የተፈጨው የተርኪ ሥጋ ግራጫ ይሆናል፣ ጣዕም የሚባል ነገር የለም።

ቅመም ጨመርኩ፤ ምላስ አቃጠለ እንጂ አልጣፈጠም። ዱቄት በጥብጬ አስገባሁ፤ ወፈረ፣ ግን ጥሬ ጥሬ አለ። ብዙ ሰዓት አንተከተክኩት፤ ሥጋው ደረቀ።

መላው ያለው መጥበሻው ላይ ነው። ተርኪ ስቡ ትንሽ ነው፤ ጠባብ ድስት ውስጥ ከታጨቀ በለቀቀው ውሃ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሰፊ መጥበሻ በደንብ አግሉ፣ ዘይት ጠብ አድርጉ፣ ግማሽ ኪሎውን ሥጋ ዘርግታችሁ ተዉት። እጃችሁ አማስል አማስል ይላችኋል፤ እምቢ በሉት። ውሃው መጥጦ መንጫጫት ሲጀምርና ታቹ ቡናማ ሲሆን ገልብጡ፣ ከዚያ አውጡት።

እዚያው ላይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የቺሊ ቅመምና ከሙን። 2 ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጨምራችሁ ቀለሙ እስኪጠቁር ቁሉ። ታች የያዘውን በትንሽ ውሃ ፈቅፍቃችሁ አንሱት፤ ጣዕሙ እዚያ ነው ያለው። ሥጋውን መልሱ፣ የተከተፈ ቲማቲምና የበሰለ ቀይ ቦሎቄ አስከትሉ። ከቦሎቄው አንድ እፍኝ ጨፍልቁ፤ ማወፈሪያው እሱ ነው፣ ዱቄት አያስፈልግም። ሳትከድኑ 30 ደቂቃ ያህል በዝግታ አብስሉ። ጨው የሚስተካከለው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሎሚም ጨመቅ ማድረግ አይርሳ።