የደቨን ሣር ክዳን መጠጥ ቤት፦ ግድግዳው ከሥር ሲረጥብ (ችግርና መፍትሄ)

ምልክት፦ ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ቀለም ይላጣል፣ ነጭ ጨው ይወጣል፤ የውጭው ልስን በጣት ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ይሰጣል።

ምክንያት፦ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚወቅሰው ክዳኑን ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሲሚንቶ ልስን ነው። በእንግሊዝ ደቨን አውራጃ ብዙዎቹ አሮጌ መጠጥ ቤቶች የተሠሩት በኮብ ነው፤ በድንጋይ መሠረት ላይ የተደረበ፣ ውፍረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጭቃ በጭድ። እንደ እኛ ጭቃ ቤት ማገርና ቋሚ እንጨት የለውም፤ ጣሪያውን የተሸከመው ጭቃው ራሱ ነው። ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፤ እንደ ፀጉር በቀጠነች ስንጥቅ ዝናብ ይገባል፣ መውጫ ግን ያጣል። ውሃው ወርዶ ከሥር ይጠራቀማል። ጭቃው ሲርስ መሸከም ያቅተዋል፤ ከውጭ ደህና የሚመስል ግድግዳ በድንገት የሚናደው ለዚህ ነው።

መፍትሄ፦ ከመሬቱ ጀምሩ። ሣር ክዳን አሸንዳ ስለሌለው ጠፈጠፉ በቀጥታ ይወርዳል። የሚያርፍበት ኮንክሪት ከሆነ ውሃው ተመልሶ ግድግዳውን ይረጫል፤ አንስታችሁ ጠጠር አድርጉ። የተቆለለ አፈር ካለ ከውስጡ ወለል በታች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አውርዱት፤ ከድንጋዩ መሠረት ሥር ግን ፈጽሞ አትቆፍሩ።

ከዚያ ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ ከላይ ወደ ታች፣ በትንሽ በትንሹ አንሱ። የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አታስጠጉ፤ ንዝረቱ የራሰ ኮብ ያፈርሳል። ጭቃው በእጅ ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ ሥራው ይቁም፤ ጣሪያው በድጋፍ ይያዝ፣ መሐንዲስ ይጠራ። ጎድጓዳውን በጭቃ እንጂ በሲሚንቶ አትሙሉ። ለወራት ይድረቅ፤ በማሞቂያ ማቻኮል ስንጥቅ መግዛት ነው።

አዲሱ ልስን 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ ሻካራ አሸዋ ነው፤ እያንዳንዱ ድርብ ከ10 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ከ5 ዲግሪ በታች አይለሰንም። ፀሐይ ከበረታ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። በላዩ የኖራ ቀለም ብቻ ይቀባ፤ የፕላስቲክ ቀለም የቀባ ሰው ሲሚንቶውን መልሶ ለጠፈ ማለት ነው። እርጥበት እናቆማለን ብለው ኬሚካል በመርፌ ወደ ኮብ የሚያስገቡ ነጋዴዎችን ከበር መልሱ።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ያለ አካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ቅርሳዊ ባሕርይውን የሚነካ ሥራ መሥራት ወንጀል ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም፦ ውሃው በእርግጥ ከላይ ከመጣ የክዳኑን አናት እዩ፤ በየ10 እስከ 15 ዓመት ይታደሳል። በክዳኑ ውስጥ የሚያልፈው ጭስ ማውጫ ስንጥቅ ካለው ምድጃው እስኪጠገን አይለኮስ።