ካሊፐሩን ቀየርኩ፤ ፔዳሉ ግን ወለል ነካ

በ1972 እ.ኤ.አ. የተሠራችውን የዳትሰን 240 ዜድ መኪናዬን የፊት ፍሬን ቤቴ ውስጥ ነው የቀየርኩት። ፋብሪካው የገጠመላት ካሊፐር (የፍሬን ሸራውን በፒስተን ገፍቶ ዲስኩን የሚያስይዘው ክፍል) ባለ ሁለት ፒስተን ነው፤ በምትኩ ከአሮጌ የቶዮታ ፒካፕ የወጣ ባለ አራት ፒስተን አሰርኩ። ቡሎኑ በቀጥታ ይገጥማል፤ ከዲስኩ ጀርባ ያለውን የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ ግን ትንሽ መቁረጥ ያስፈልጋል።

መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ጠርሙስ የፍሬን ዘይት እስኪያልቅ ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ባስወጣም ፔዳሉ ስፖንጅ እንደ መርገጥ ይሰምጣል። ማስተር ሲሊንደሩን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን) ጠረጠርኩ፤ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ፤ ጠብታ እንኳን የለም። በሦስተኛው ምሽት በባትሪ መብራት ሳየው የአየር ማስወጫው ቡሎን ወደ መሬት ዞሯል! የግራውን ካሊፐር በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አስሬዋለሁ። አየር ሽቅብ ስለሚሄድ አናቱ ላይ ተጠራቅሞ መውጫ አጥቷል።

አቀያይሬ አሰርኩና ከማስተር ሲሊንደሩ በጣም ከሚርቀው የኋላ ጎማ ጀመርኩ። ባለቤቴ ፔዳሉን ስትረግጥ፣ እኔ ቡሎኑን ስፈታ፣ መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ዘይት ወጣ። አሁን ፔዳሉ ገና ሲነካ ይይዛል። የመኪናውን ቀለም የነካ ዘይት ካለ ወዲያው በውሃ እጠቡት፤ ይልጠዋል።